ወንበሩ ደርሷል፣ ድምፅህ ግን ቀርቷል

ጥቅምት 8

ለውድ አክስቴ፣ እናትም አባትም ለሆንሽኝ፤

ሰላምታዬ ከነሙሉ ናፍቆቴ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጥሽ ነው ወይስ አሁንም በአንድ እግርሽ ነው የምትሰፊው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጎደለኝ ነገር ቢኖር ያንቺ ቁጣ ብቻ ነው። እዚህ አገር የሚቆጣኝ ሰው አጥቻለሁ። ስልክ ጆሮሽ ውስጥ ይንጫጫል ስለምትዪ ነው እንጂ በየቀኑ እየደወልኩ አስቆጣሽ ነበር።

ሥራዬ ያው ነው። ሐኪሞቹ ፎቅ ላይ ሆነው ሰው ይጠግናሉ፣ እኔ ምድር ቤት ሆኜ የሰውን መቀመጫና መተኛ እጠግናለሁ። ጎማው የተላጠ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከፍ ዝቅ ማለት እምቢ ያለ አልጋ፣ አንድ እግሩ ያጠረ ክራንች፣ ሁሉም በአሳንሰር ወደ እኔ ይወርዳል። ክፍሌ መስኮት የላትም፤ ግን ንጹሕ ናት፣ መፍቻዎቼም በየቦታቸው ተሰቅለዋል። ባለፈው ሰሞን አንዲት አሮጊት በውሰት ወንበር ወርደው የራሳቸውን ተረከቡኝ። ሁለቴ ዞሩበትና "ልጄ፣ ይኼ እንኳ ከባሌ ይልቅ ይታዘዘኛል" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልምጣ። የማኅበራችን መጋቢ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ጎን ሳበኝና "ጸልየንበት ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንድትሆን አስበንሃል" አለኝ። አንድ ሽበት እንኳ ሳይኖረኝ ሽማግሌ ልሆን ነው! እጅ የሚጭኑብኝ በሰኔ ነው። የማስተምረው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍልም አድጓል። የዘንድሮው ርዕሳችን "በፍጹም ልብ መታዘዝ" ነው። ይህን ሁሉ ሳስብ በመጀመሪያ የማመሰግነው ጌታን ነው፣ ከዚያ አንቺን። ምርቃትሽን በፖስታ እጠብቃለሁ።

ትንሹ ልጅሽ

ኅዳር 2

ለልጄ ለትንሹ፤

ከእናትህ ማኅፀን ጀምሮ የጠበቀህ ጌታ መግቢያህን መውጫህን ይባርክ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የተማሪ ዩኒፎርም ኪስ እየሰፋሁ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ኪሱን ከጀርባ በኩል ሰፍቼው አገኘሁት። ልጁ ለብሶት ቢሄድ ኖሮ እርሳሱን የሚያወጣለት ሌላ ተማሪ ያስፈልገው ነበር። ደስታ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

እናትና አባታችሁ ባንድ ዓመት ሲያልፉ ሁለታችሁን ይዤ ወደዚህ ቤት የገባሁበትን ቀን አሰብኩ። ትልቁ በቀኝ፣ አንተ በግራ ቀሚሴን ጨብጣችሁ። "ጌታ ሆይ፣ እኔ ወልጄ አላውቅም። አንተ አሳድጋቸው፣ እኔ አበላቸዋለሁ" አልኩት። ቃሉን ጠበቀ። እኔ ነኝ አንዳንድ ቀን ወጡን ያሳረርኩት።

እንግዲህ ምርቃት ጠይቀኸኛል፤ ሙሉውን ይኸው። የአፍህ ቃል ሰው ያንሣ እንጂ ሰው አይጣል። ከፍ ስትል አንገትህ አይደንድን። የምታስተምረውን አስቀድሞ ለራስህ ያሰማህ። አሜን በል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ወንድምህን አነጋገርከው?

ሌላ አልጨምርም። ጉልበቴ ደህና ነው።

አክስትህ

ኅዳር 29

ለውድ አክስቴ፤

አሜን ብያለሁ፣ ጮክ ብዬ፤ አጠገቤ የነበረው የጽዳት ሠራተኛ ደንግጦ መወልወያውን ጣለ። ስለ ምርቃትሽ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው። ለጉልበትሽ የሚሆን ማሰሪያ በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ስትቀመጪ ላላ አድርጊው፣ ስትቆሚ አጥብቂው። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ እኔ ግን ከማሞቂያው ቧንቧ ሥር ስለምሠራ ሹራብ አያስፈልገኝም። የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍላችንም ሰው በዝቶበት አግዳሚ ወንበር ተውሰናል። ባለፈው ረቡዕ ስለ አብርሃም ሳስተምር ያለቀሰ ሰው ነበር።

ስለ ጠየቅሽኝ ጉዳይ። ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም አንዴ ልናገረውና ይውጣልኝ። ወደዚህ ስመጣ የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ለትልቁ ነበር አደራ ያልኩት። ቃል ተግባብተን፣ የቀለበቷን ልክ በክር ለክቼ ይዤ ነው የወጣሁት። "ወረቀቴ እስኪያልቅ ብቻዋን እንዳትሆን፣ አልፎ አልፎ ጠይቃት" አልኩት። ጠየቃት! እኔ እንደ እህት ጠይቃት ብለው እሱ ለሚስትነት ጠየቃት። የሰማሁት ደግሞ ከሁለቱም አይደለም፤ ከሠርጋቸው ከተመለሰ ሰው ነው።

ቢሆንም በልቤ ይቅር ብዬዋለሁ። በየጠዋቱ በጸሎቴ ስሙን እጠራለሁ። ክፉ አልመኝለትም። ከዚህ በላይ ከእኔ ምን ይፈለጋል? ጌታ እንደሆነ ልብን ያያል።

ትንሹ

ጥር 20

ለልጄ ለትንሹ፤

ሰላም ብዬሃለሁ፣ የዘገየሁበትን ይቅር በለኝ። ማሰሪያው ደርሶኛል፤ እግሬ የወታደር እግር መስሏል። ጌታ ልብን ያያል ያልከው እውነት ነው። ወንድምህ ግን ልብህን የሚያይበት ዓይን አልተሰጠውም። ጆሮ ብቻ ነው ያለው።

አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብብ። ትልቁ ከመስከረም ወዲህ አይራመድም። የአንድ መጋዘን ጣሪያ ላይ መብራት ሲዘረጋ መሰላሉ ከዳው። ነፍሱ ተርፋለች፣ ክብር ለስሙ ይሁን። እጁም አእምሮውም ደህና ነው። ከወገቡ በታች ግን አይሰማውም።

ኅዳር ላይ ስጽፍልህ ሰምቼ ነበር። ያልነገርኩህ ራሱ "ለትንሹ እንዳትነግሪው፤ በአዘኔታ እንዲመጣ አልፈልግም" ብሎ ስለላከብኝ ነው። አሁን ለምኜው ፈቀደልኝ።

ሌላም አለ። እኔም ከሠርጋቸው ወዲህ ቤታቸውን ረግጬ አላውቅም ነበር። ላንተ ብዬ፤ ቁስልህን ያከበርኩ መስሎኝ። ታዲያ "ወንድምህን አነጋገርከው?" ብዬ ጽፌ ፖስታውን ለመለጠፍ ስልስ "አንቺስ?" የሚል ድምፅ በውስጤ ሰማሁ። ሙጫው ምላሴ ላይ ቀረ። ሳምንታት አመነታሁ። ጉልበቴን ሰበብ አደረግኩ፤ ያንተ ማሰሪያ መጥቶ ሰበቤን ወሰደብኝ። ተነሣሁና አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

በሩን የከፈተችው እሷ ናት፣ የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ጋዋን እንደ ለበሰች። ለምሳ ሰዓት ሮጣ መምጣቷ ነበር። አየችኝና በሩን ይዛ ቆመች።

"አክስቴ! መንገድ ጠፍቶሽ ነው?"

"ጠፍቶኝ ነበር" አልኳት። "አሁን አገኘሁት።"

አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አልቀረሁም።

ትልቁ ሳሎን ውስጥ አልጋ ተዘርግቶለታል። ለሰው ቤት ሁሉ መብራት ያስገባ ሰው፣ የራሱን ማብሪያ ማጥፊያ አይደርስበትም። ከጤና ጣቢያ የተዋሱት ወንበር ለዝሆን የተሠራ ይመስል ሰፊ ነው፤ በመታጠቢያ ቤቱ በር አያልፍም። ስለዚህ እሷ ከሥራ እየሮጠች መጥታ በአንሶላ እየጎተተች ታደርሰዋለች። እሱ ያን ጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ሦስት ሳምንት አብሬያቸው ሰንብቼ አሁን ገና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የነገርኩህ እንድታዝንለት አይደለም። መንገዱን እኔም እየፈራሁ እንደሄድኩት እንድታውቅ ነው።

አክስትህ

መጋቢት 14

ለአክስቴ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። አንቺ እዚያ ቤት መግባትሽን ስሰማ የመጨረሻው ሰው የከዳኝ መሰለኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ። አሁንም ብዙ አልጽፍም።

የሚከተለውን ለክተሽ ላኪልኝ። ተቀምጦ የዳሌው ስፋት። ከወገቡ ጀርባ እስከ ጉልበቱ። ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ፣ ጫማ አድርጎ። ከመቀመጫው እስከ ብብቱ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ክፍተት፤ ከመቃን እስከ መቃን ሳይሆን በሩ ተከፍቶ እውነተኛ ማለፊያው።

ትንሹ

መጋቢት 28

ለልጄ ለትንሹ፤

ሰላምታ ባትልክልኝም እኔ ልኬልሃለሁ፤ ትርፍ አለኝ። እግዚአብሔር እጅህን ያበርታ። ልኩን በሌላ ወረቀት አድርጌዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ለክቻለሁ፣ አንዱም አልተሳሳተም።

ለመለካት እንደገና ሄጄ ነበር። ምን ብዬ ልለካው? "ሱፍ ልሰፋልህ ነው" አልኩት። ዳሌውን ለካሁ፣ እሺ አለ። ጉልበቱን ለካሁ፣ እሺ አለ። ሜትሬን ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ስሄድ ግን፦

"አክስቴ፣ ለበሩም ሱፍ ልትሰፊለት ነው?" አለኝ።

ሚስቱ ሳህኑን አስቀምጣ ሳቀች። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። በዚያ ቤት ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው አለችኝ። ከዚያ ትልቁ ፊቱን ጠረገና በቀስታ "እሱ ነው፣ አይደል?" ብሎ ጠየቀኝ። ሜትሬን ጠቀለልኩ። መዋሸት አልችልም፣ ንገሪው ብለህም አልጻፍክልኝም። የሜትር አጠቃለሌን አይቶ ገባው መሰለኝ።

ስለ ሳቁ አመሰግንሃለሁ። ሳታውቅ ነው የላክኸው።

አክስትህ

ሚያዝያ 25

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን። ባለፈው በቁጣ ስለጻፍኩልሽ አትቀየሚኝ። የተናገርኩት ለወረቀት እንጂ ላንቺ አልነበረም።

ወንበሩ አልቋል። ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ አለቃዬን አስፈቅጄ ነው የሠራሁት። የተጣሉ ወንበሮችን አካል ቆርጬ፣ ቀጭን ግን ጠንካራ የሆነውን ቧንቧ መርጬ በየድኩት። ቧንቧውን ከውስጥ በኩል ስላጠፍኩት በዚያ በር ሲያልፍ በሁለቱም ወገን የአውራ ጣት ያህል ክፍተት ይተርፈዋል። የእጅ መደገፊያው ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ከወንበሩ ወደ አልጋ በራሱ ክንድ ተንሸራቶ ሊሻገር ይችላል። የኋላ ጎማውን ትንሽ ወደ ፊት አድርጌዋለሁ፣ ክንዱ ጠንካራ ለሆነ ሰው ቀላል እንዲሆን። ትልቁ ክንዱ ጠንካራ ነው። ልጆች ሆነን እኔን በአንድ እጁ እያነሣ በር መቃን ላይ ያንጠለጥለኝ ነበር።

መጋቢው ወርክሾፕ ድረስ መጥቶ አየውና ዞረው። "እንዲህ ያለ ወንበር አይቼ አላውቅም። ለማን ነው?" አለኝ። "ለአንድ በሽተኛ" አልኩት።

ከማኅበራችን ወደዚያ የምትመጣ ነርስ ይዛው ትመጣለች። ከማን እንደሆነ መናገር የለብሽም። የምጽፍለት ሰላምታም የለኝም። ይኸው አክስቴ፣ ታዘዝኩ። ከዚህ በላይ እንዴት ይታዘዛል?

ትንሹ

ግንቦት 16

ለልጄ ለትንሹ፤

ጸጋውን ያበዛልህ ጌታ ይመስገን። ወንበሩ ደርሷል፣ ድምፅህ ግን ቀርቷል።

አስቀድሜ ደስታውን ልንገርህ። ነርሷ ከነሳጥኑ ስታመጣው እኔም እዚያው ነበርኩ። አወጣነው። ትልቁ የብየዳውን መስመር በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ፤ ዓይነ ስውር የሰው ፊት እንደሚዳስስ። ከዚያ መደገፊያውን አጠፈ፣ በክንዱ ተንሸራቶ ተቀመጠ። ማንም አልነካውም። ጎማውን ገፋ፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ፣ በበሩ አለፈ። አንድ ነገር ጠበቅን። በሩን ከውስጥ ዘጋው። ልጄ፣ በሩን ራሱ ዘጋው! ከዚያ የውኃው ድምፅ ተሰማ። እሷና እኔ ኮሪደሩ ላይ ተያይዘን ቆምን። እሷ አፏን በጋዋኗ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ "ተመስገን፣ ተመስገን" ከማለት ሌላ ቃል ጠፋኝ። ሰው በር ሲዘጋ እግዚአብሔርን አመስግኜ አላውቅም ነበር።

ታጥቦ ሲወጣ ፊቱ በርቷል። "የትንሹ ብየዳ ነው" አለ። "ድሮም ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይጎትተዋል።" ከዚያ ሳጥኑን ፈተሸ። ማሸጊያውን አንድ በአንድ ገልጦ አየ። የሚፈልገውን አላገኘም። "እጁን ልኮልኛል" አለኝ፣ "አፉን ግን ከልክሎኛል።" ቅሬታ አልነበረውም። እንደሚገባው ሰው ነው የተናገረው።

እንዴት ይታዘዛል ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ የማውቀው ስፌት ነው። ቀሚስ እጅጌው ተሰፍቶ፣ ወገቡ ገብቶ፣ ጠርዙ ተሸፍኖ አንገቱ ካልተቀደደ አይለበስም። የለፋችበት ሴት ግን አትዋሽም፤ በእውነት ለፍታለች። አንተም ለፍተሃል። ውብ ነገር ሠርተሃል፣ ወንድምህም ወደ ሰውነቱ ተመልሷል። የቀረው አንዲት መቀስ የምታርፍበት ቦታ ነው፤ እሷ ደግሞ ካለቀለት ልብስ ላይ ስትሆን ታስፈራለች። ጨርቁ የሚበላሽ ይመስላል።

ከእንግዲህ አልጠይቅህም። ጥያቄዬ ካልሲ ውስጥ እንደገባ ጠጠር እንዲሆንብህ አልፈልግም። ሳትናገርም ቢሆን ልጄ ነህ። ስለ ወንበሩ ዕድሜዬን ሙሉ አመሰግናለሁ።

አክስትህ

ሰኔ 10

ለውድ አክስቴ፤

ይህን የምጽፍልሽ ከትልቁ ቤት፣ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። አትደንግጪ። ከትናንት በስቲያ ገባሁ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነው የመጣሁት። ወዳንቺ ከመምጣቴ በፊት የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ ላድርስልሽ፤ ፊት ለፊት ስነግርሽ እያለቀስሽ ግማሹን አትሰሚኝም።

ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ረቡዕ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ክፍሌ ገባሁ። ሰዉ ሞልቷል። ጠመኔ አንሥቼ "በፍጹም ልብ" ብዬ ጻፍኩ። ላብራራ ዞርኩ። አፌ አልከፈት አለ። "ዛሬ አልችልም፣ ጸልዩልኝ" ብዬ ጠመኔውን አስቀመጥኩና መጋቢው ቢሮ ሄድኩ።

"ያ ወንበር ለበሽተኛ ነው ብዬህ ነበር" አልኩት። "ለወንድሜ ነው።"

መነጽሩን አወለቀ። "ወንድም አለህ እንዴ?" አለኝ።

አክስቴ፣ እስቲ ይህችን ጥያቄ አስቢያት። በየጠዋቱ በጸሎት ስሙን እጠራለሁ ያልኩሽ ሰው! ይህን ሁሉ ዓመት አብሮኝ የጸለየ፣ አብሮኝ የበላ መጋቢ ወንድም እንዳለኝ አያውቅም። በጸሎት ስጠራው የነበረው ሕያው እንደሆነ ሰው ሳይሆን እንደ ተቀበረ ሰው ነበር። ሁሉን ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ "ታዲያ ሹመቱን ምን እናድርገው?" አለኝ።

"አቆዩት" አልኩት። "ጨርሶ ባይመጣም ደስ ብሎኝ እኖራለሁ። መጀመሪያ መሄድ ያለብኝ ቦታ አለ።"

ተነሥቶ አቀፈኝ። "ሽማግሌ ስንፈልግ የነበረው ይህን ሰው ነው፤ ግን አንቸኩልም" አለኝና እየሳቀ ወደ በሩ ገፋኝ።

አውሮፕላን ላይ ንግግር አጥንቼ ነበር፣ ሦስት ነጥብ ያለው፣ እንደ ስብከት። በሩን ሳንኳኳ ተነነ። የከፈተችው እሷ ናት። ቀጥናለች። ጸጉሯ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ገብቷል። እኔ ውስጤ የሚነሣውን ቁጣ ጠበቅኩት፤ የመጣው ግን የደከመች ሴት በማየት የሚመጣ ርኅራኄ ብቻ ነው። "ግባ" አለችኝ፣ እንደ ቤተኛ። ገባሁ።

ትልቁ መስኮቱ አጠገብ በወንበሩ ተቀምጦ የጎረቤት ካውያ ፈቶ እየጠገነ ነበር። ለካ ሰው የተበላሸ ነገር ሁሉ ያመጣለት ጀምሯል። ቀና ብሎ አየኝ። አየሁት። ካውያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"የግራው ፍሬን ትንሽ ይጠብቃል" አለኝ።

"ላየው" አልኩት።

ከስንት ዓመት በኋላ ወንድሜ የተናገረኝ ቃል ይህ ነው፣ እኔም የመለስኩለት ይህ ነው። ተንበርክኬ ፍሬኑን ማላላት ጀመርኩ። እሷ "ሥራ ረፍዶብኛል" ብላ ወጣች፤ እንዳልረፈደባት አውቃለሁ። ፍሬኑ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ግን ፊቴን ላለማንሣት ፈትቼ እንደገና ገጠምኩት።

"ጀርባዬን እያመመኝ ነው፣ ጋደም ልበል" አለ በመጨረሻ። "ራሴ እሻገር ነበር፣ ዛሬ ግን ክንዴ ተንቀጠቀጠብኝ።"

ታውቂያለሽ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሰው ከወንበር ወደ አልጋ ሲሸጋገር አንድ መንገድ ነው ያለው። ደረት ለደረት ትጠጊዋለሽ፣ ክንድሽን በብብቱ ታስገቢያለሽ፣ እሱ አንገትሽን ይይዛል። ተጠጋሁት። "አንገቴን ያዝ" አልኩት። ያዘኝ። አነሣሁትና አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ሥራው እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። እሱ ግን አንገቴን አልለቀቀም፣ እኔም ወገቡን አልለቀቅኩም። ጆሮዬ ሥር ሆኖ ያለቅስ ጀመር።

"አደራህን በላሁ" አለኝ። "ሰበብ የለኝም። ወደድኳት፣ ከዚያ ፈራሁህ፣ ከዚያ ዝም አልኩ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው እስከዚያ ድረስ ከአፌ ወጥቶ እንደማያውቅ ያወቅኩት። "ወንድሜ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን አንተ ስንት ዓመት እንዳለቀስክ ንገረኝ።"

"ካንተ በታች፣ ከእሷ በላይ" አለ። ሁልጊዜም ቀልደኛ ነው። እያለቀስን ሳቅን።

አመሻሹ ላይ የወንድሜ ሚስት መጣች። እጇን እንኳ ሳትታጠብ ቆማ "እኔም ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አስቀመጥኩት" አለችኝ። "ጽፈሽ ቢሆን አላነብም ነበር" አልኳት፣ እውነቱ ይኸው ስለሆነ። "አሁን ግን እዚህ ነኝ፣ ተናገሪ።" ተናገረች። ሰማሁ። ከዚያ ሦስታችንም እራት በላን፤ ዳቦው ደርቆ ነበር፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዳቦ ግን የለም። ከመብላታችን በፊት እንድጸልይ ጠየቁኝ። ሰው የሚያስለቅስ ጸሎት የማውቅ ሰው "ጌታ ሆይ፣ ተመስገን" ብዬ መቀጠል አቃተኝ። ትልቁ "አሜን፣ ይበቃል፣ ሾርባው ቀዘቀዘ" አለ።

አክስቴ፣ መታዘዝ ከባድ ነገር ነው ብዬ ሳስተምር ነበር። ከባዱ በግማሽ መታዘዝ ነው ለካ። ይህን ሁሉ ዓመት ስሸከመው የነበረው እሱን ነው። አሁን ቀሎኛል፣ አንቺንም አምላኬንም አመሰግናለሁ።

ይህን በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ። ትልቁ አንቺን ካላየሁ ብሏል፤ ሦስታችንም ልንመጣ ነው። መቼ እንምጣ?

ትንሹ

ሰኔ 14

ለልጆቼ ለትልቁና ለትንሹ፣ ለልጄም ለመድኃኒት ቤቷ፤

ሦስታችሁን በአንድ ፖስታ ላይ ጽፌ አላውቅም። ፊደሉ ጠመመብኝ፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ረዳት ቆሞ ስለሚጠብቀኝ ግን አልደገምኩትም፣ ይለፈኝ። የከፋፈለንን ያፈረሰ፣ የተሰበረውንም ያገናኘ እግዚአብሔር ለዘላለም ይመስገን።

ደብዳቤውን አነበብኩት፣ ከዚያ ለጎረቤቴ ለግንበኛው አነበብኩለት፣ ከዚያ ለሚስቱ አነበብኩላት። ግንበኛው ሰማኝና ወጥቶ የደጄን ሦስት ደረጃዎች ቆሞ አያቸው። "በዚህ ወንበሩ እንዴት ይገባል?" አለኝ። እኔ ደስታ ብቻ ነበር የታየኝ፣ ደረጃው ትዝ አላለኝም። ዛሬ ጠዋት አሸዋና ሲሚንቶ አምጥቶ፣ ደረጃውን ዘንበል ባለ መወጣጫ ሸፈነው። ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፤ አንዱ ወንበሩን እየገፋ ሌላው ከጎን እየሄደ ያወጣል።

አሁን በሩ ላይ በርጩማ አድርጌ ተቀምጫለሁ። የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ መወጣጫዬን ሊረግጥ ይመኛል፤ በጫማዬ እያባረርኩ ነው የምጽፍላችሁ። ገና እርጥብ ነው። ግንበኛው እስከ ሐሙስ ይደርቃል ብሏል።

ሐሙስ ኑ።

አክስታችሁ